ከቅርንጫፍ እስከ ቦርድ፦ ሴት ባለሙያዎች በባንኮችና በአክሲዮን ኩባንያዎች አመራር ላይ የሚደርሱበት መንገድ

በአንድ ባንክ ውስጥ የዳይሬክተርነት ቦታ ክፍት መሆኑን የሚገልጸው የውስጥ ማስታወቂያ በሚለጠፍበት ቀን፣ ውድድሩ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ መልክ ይዟል። ይህ የግድ በአድልዎ የሚሆን አይደለም። የቀድሞው ኃላፊ የዓመት ፈቃድ በወጣበት ጊዜ ቦታውን ሸፍኖ የሠራው ማን ነበር? በብድር ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጠው ማን ነው? በክልል ከተማ አዲስ ቅርንጫፍ ሲከፈት የተላከውስ? እነዚህ ጥያቄዎች ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት መልስ ያገኙ በመሆናቸው፣ በፈታኞቹ ፊት የሚቀርበው ማስረጃ የእነዚያ ቀደምት ውሳኔዎች ድምር ነው። ሴት ባለሙያዎች ከአመራር የሚቀሩትም በብዛት በእነዚህ ትንንሽ በሚመስሉ ምደባዎች ላይ ስለሆነ፣ ይህ መመሪያ ትኩረቱን የሚያደርገው ከማስታወቂያው በፊት ባሉት ዓመታት ላይ ነው። በዋናነት የተጻፈው በባንክ ሥራ ላይ ላሉ ሴቶችና እነርሱን የመመደብ ሥልጣን ላላቸው ኃላፊዎች ቢሆንም፣ በኢንሹራንስ ወይም በፋብሪካ አክሲዮን ኩባንያ የሚሠሩም ከራሳቸው ሁኔታ ጋር አዛምደው ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ሁለቱን መንገዶች መለየት

ወደ አመራር የሚወስዱት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በቅጥር የሚኬድበት ሲሆን፣ ከጀማሪ ባለሙያነት ተነሥቶ በቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት፣ በዲስትሪክት ኃላፊነት፣ በዳይሬክተርነትና በምክትል ፕሬዚዳንትነት አልፎ እስከ ፕሬዚዳንትነት ይደርሳል። ሁለተኛው በባለቤትነት የሚኬድበት ነው፤ አክሲዮን ገዝቶ፣ በባለአክሲዮኖች ተጠቁሞና በጠቅላላ ጉባኤ ተመርጦ የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል መሆን ማለት ነው።

አንዱ መንገድ ስለተከፈተ ሌላው በራሱ አይከፈትም። ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣችው ሕግ በትልልቅ አክሲዮን ኩባንያዎች ቦርድ ውስጥ እያንዳንዱ ፆታ 40 ከመቶ ያህል ድርሻ እንዲኖረው ካስገደደች በኋላ ቦርዶቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ይህን ቁጥር አሟልተዋል፤ ይሁን እንጂ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት የሚሾሙት ሴቶች ቁጥር በዚያው ልክ አላደገም። በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ በ11 ሴቶች ጠንሳሽነት የተቋቋመና በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ሰብሳቢነት በሚመራ ቦርድ ሥራውን የጀመረ ቢሆንም፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፕሬዚዳንትነት የመሩት ወንዶች ነበሩ። በቅጥር በኩል ባለው መንገድ ደግሞ ወይዘሪት ፍሬሕይወት ታምሩ በ2010 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተሾመዋል፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ዘምዘም ባንክንም ወይዘሮ መሊካ በድሪ በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርተዋል። እነዚህን ስሞች የምጠቅሰው ቦታው ሊደረስበት እንደሚችል ለማሳየት ብቻ ነው፤ የጥቂት ሰዎች መድረስ ከኋላቸው ላሉት መንገዱን ጠርጎ አይጠብቅም።

ገንዘብና ውሳኔ ያለበትን ሥራ መያዝ

በባንክ ውስጥ ሁሉም ሥራ የተከበረ ነው፤ ሁሉም ሥራ ግን ወደ ላይኛው አመራር አያደርስም። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዋና ሥራ አስፈጻሚና ከፍተኛ የሥራ ኃላፊዎች ሹመት የሚያጸድቀው የትምህርትና የሥራ ልምድ መስፈርት አስቀምጦ ነው፤ ቦርዶችም ፕሬዚዳንት ሲፈልጉ ዓይናቸውን የሚጥሉት ቅርንጫፎችን በመሩ፣ በብድር ትንተናና በብድር ውሳኔ ላይ በሠሩ፣ በዓለም አቀፍ ባንክ አገልግሎት ወይም በገንዘብ አስተዳደር ባለፉ ሰዎች ላይ ነው። ሴቶች በብዛት የሚመደቡት ግን በደንበኞች አገልግሎት፣ በሰው ሀብት፣ በሕዝብ ግንኙነትና በጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ ነው። እነዚህ ክፍሎች ጥሩ ኃላፊ ያፈራሉ፤ ሆኖም በእነርሱ ውስጥ ብቻ 15 ዓመት የቆየች ባለሙያ ስለ ተቀማጭ ዕድገትና ስለ ተበላሹ (በወቅቱ ስላልተመለሱ) ብድሮች ስትጠየቅ የራሷን ውጤት ማቅረብ ያዳግታታል።

ስለዚህ በሥራ ዘመንዎ የመጀመሪያዎቹ አምስትና ስድስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ብድር ወይም ወደ ቅርንጫፍ አመራር ለመዛወር ይጠይቁ። ጥያቄው በቃል ብቻ ከቀረ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል። ለሰው ሀብት መምሪያ በሚጻፍና ለቅርብ ኃላፊዎ በግልባጭ በሚደርስ አጭር ደብዳቤ፣ የትኛውን የሥራ ዘርፍ እንደሚፈልጉ፣ ለዚህ የሚያበቃዎትን ትምህርትና ልምድ፣ ከመቼ ጀምሮ ዝግጁ እንደሆኑ ይግለጹ። ደብዳቤው በመዝገብ ቤት ገቢ መሆኑን አረጋግጠው ቅጂውን ይያዙ። ወዲያው መልስ ባይሰጥዎት እንኳ፣ በቀጣዩ ምደባ ወቅት «ፍላጎት አላሳየችም» ለማለት የሚያስችል ቦታ አይኖርም።

የክልል ዝውውርን በተመለከተ ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሴቶች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነውና። በአብዛኞቹ ባንኮች ከአዲስ አበባ ውጭ ቅርንጫፍ መምራት ወደ ዲስትሪክት ኃላፊነት የሚያሻግር ድልድይ ነው። ለዚህ ምደባ ዕጩዎች በሚመረጡበት ስብሰባ ላይ «ልጆች አሏት፣ አይመቻትም» የሚል አስተያየት ይሰነዘርና የሴቲቱ ስም ሳትጠየቅ ይሰረዛል። ተናጋሪው ያዘነላት ሊመስለው ይችላል፤ ያደረገው ግን በእርሷ ፋንታ መወሰን ነው። ይህን ለመከላከል ፈቃደኛነትዎን ከነዝርዝሩ አስቀድመው በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ለምሳሌ «ለሁለት ዓመት፣ የቤት አበል የሚታሰብ ከሆነ፣ በሐዋሳ፣ በአዳማ ወይም በደብረ ብርሃን ለመሥራት ዝግጁ ነኝ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። የቤቱ ምክክር የምደባው ደብዳቤ እጅዎ ላይ ከገባ በኋላ ከተጀመረ ጊዜው ስለሚጣበብ፣ ልጆቹ ማን ዘንድ እንደሚሆኑ፣ እናትዎ ወይም እህትዎ ምን ያህል ሊያግዙ እንደሚችሉ፣ ወጪው ከየት እንደሚሸፈንና ባለቤትዎ የትኛውን ኃላፊነት እንደሚወስዱ ወራት ቀደም ብሎ በቁጥርና በቀን መስማማት ይገባል። ባል ለሥራ ወደ ክልል ሲሄድ ቤተሰቡ የሚያደርገውን ዝግጅት ያህል ሚስት ስትሄድም መጠየቁ ነውር የለበትም።

በእርግጥ መሄድ የማይቻልበት ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ተመጣጣኝ ክብደት ያለውን ሥራ በአዲስ አበባ ውስጥ መፈለግ ያሻል፦ እንደ መርካቶ ባለ የንግድ አካባቢ የሚገኝ ከፍተኛ እንቅስቃሴ ያለውን ቅርንጫፍ በምክትልነት መያዝ፣ ወይም የኮር ባንኪንግ ሥርዓት (የባንኩ ሒሳቦች የሚንቀሳቀሱበት ዋናው የኮምፒውተር ሥርዓት) ሲቀየር በሚቋቋመው የፕሮጀክት ቡድን ውስጥ መግባት ከክልል ቅርንጫፍ የማይተናነስ ልምድ ይሰጣል።

የያዙትን ሥራ ውጤት በየሩብ ዓመቱ በራስዎ መዝገብ ላይ ያስፍሩ። ቅርንጫፉን ሲረከቡ የነበረው ተቀማጭ ስንት ነበር፣ ሲያስረክቡስ? ከተሰጠው ብድር ውስጥ የተበላሸው ድርሻ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? የስንት ላኪዎች የውጭ ምንዛሪ ገቢ በእርስዎ ቅርንጫፍ አለፈ? የደንበኛ ስምና የባንኩ ምስጢር በግል መዝገብዎ ላይ መስፈር የለበትም፤ ጥቅል ቁጥሩ ግን የእርስዎ የሥራ ታሪክ ነው። «ታታሪና ሥነ ምግባር ያላት» የሚል የድጋፍ ደብዳቤ ደስ ያሰኛል፤ ፈታኝ ኮሚቴን የሚያሳምነው ግን ቁጥር ነው።

ተጠባባቂነትና የስብሰባ ወንበር

የኃላፊ ቦታ ለጊዜው ሲጓደል የሚሰጠው የተጠባባቂነት ውክልና፣ ለቋሚው ሹመት የሚያበቃ ልምድ የሚገኝበት ዋነኛ በር ነው። በቃል የተሰጠ ተጠባባቂነት ግን ድካሙን ብቻ ያተርፋል፤ ቋሚ ሰው ሲመደብ በማኅደርዎ ውስጥ ምንም አይገኝም። ስለዚህ ውክልናው የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የመፈረም ሥልጣንዎ ወሰንና የሚከፈለው አበል ተገልጾ በደብዳቤ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። የውክልናው ጊዜ ሲያበቃም ያከናወኑትን ሥራ በአንድ ገጽ ሪፖርት አጠናቅረው ያስገቡ። ተጠባባቂነቱ ከድርጅቱ መመሪያ ወሰን አልፎ ከረዘመ፣ በቦታው ላይ የሚጸኑበትን ወይም ውድድር የሚወጣበትን ጊዜ በጽሑፍ መጠየቅ መብትዎ ነው።

በስብሰባ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ብቻ ካለች ቃለ ጉባኤ የመያዙ ሥራ ለእርሷ ሲሰጥ በተደጋጋሚ ይታያል። ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰው በክርክሩ ውስጥ እኩል ሊሳተፍ አይችልም። «ይህን ስብሰባ እኔ እይዛለሁ፤ ከሚቀጥለው ጀምሮ በየተራ እንያዘው» ማለት ማንንም ሳያስቀይም ልማዱን ይለውጣል። ከዚህ ባሻገር እርስዎ በሌሉበት ስብሰባ ላይ ስምዎን አንሥቶ የሚከራከር ከፍተኛ ኃላፊ ያስፈልግዎታል። እንዲህ ያለ ሰው የሚገኘው በዝምድና ወይም በመወዳጀት ብቻ አይደለም፤ አስቸጋሪ ሥራውን ተረክበው በወቅቱ የጨረሱለት ኃላፊ ምስክርነቱን አይነፍግዎትም። እንዲህ ያለውን ሰው ምክር ብቻ ጠይቀው አይመለሱ፤ ለየትኛው ቦታ መታጨት እንደሚፈልጉ በግልጽ ይንገሩት።

ምዘና፣ የወሊድ ፈቃድና ሕጉ

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 87፣ ሴት ሠራተኛ ለቅጥር፣ ለዕድገት ወይም ለሌላ ጥቅም ስትወዳደር ከወንድ ጋር እኩል ውጤት ካገኘች ቅድሚያ እንዲሰጣት ይደነግጋል። ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ የሚውለው ውጤቱ ሲታወቅ ብቻ ነው። ስለሆነም ከማንኛውም የዕድገት ውድድር በፊት የባንኩን የዕድገትና የዝውውር መመሪያ ወስደው ያንብቡ፤ የሥራ ልምድ፣ የአፈጻጸም ምዘና፣ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ እያንዳንዳቸው ስንት ነጥብ እንደሚይዙ ይወቁ። ከውድድሩ በኋላም በየመስፈርቱ ያገኙት ነጥብ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎት ይጠይቁ። ቅሬታ ካለዎት መመሪያው ባስቀመጠው ጊዜ ውስጥ ለቅሬታ ሰሚው አካል ያቅርቡ፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ የሚቀርብ ትክክለኛ ቅሬታ ሰሚ አያገኝም። የአፈጻጸም ምዘና ሲሞላልዎትም በማይስማሙበት ነጥብ ላይ አስተያየትዎን ሳይጽፉ አይፈርሙ።

አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ ከሥራ እንዳትሰናበትም ጥበቃ ያደርግላታል። ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ብቻ መሆኑ የሕፃኑን እንክብካቤ በሙሉ በእናት ላይ የሚጥል በመሆኑ፣ በእኔ እምነት ሊሻሻል የሚገባው ነው። በተግባር የሚጎዳው ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከፈቃዱ ጋር የሚመጣው የምዘና ክፍተት ነው፤ አራት ወር ያህል በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበረች ሠራተኛ «አልሠራችም» ተብላ አማካይ ነጥብ ይሞላላትና ያ ነጥብ ለሁለት ዓመት ዕድገት ያስቀራታል። ፈቃድ ከመውጣትዎ በፊት እስከዚያ ቀን ያለው ሥራዎ እንዲመዘን ይጠይቁ፤ የሥራ ርክክቡን በሰነድ ይፈጽሙ፤ ሲመለሱም ወደ ቀድሞ የሥራ መደብዎ እንደሚመለሱ የሚገልጽ ደብዳቤ ይያዙ።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። ይህ አዋጅ በሥራ መሪዎች ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። አንዲት ባለሙያ ድርጅቱን በቀጥታ የመምራት ሥልጣን ወዳለው ደረጃ ስታድግ፣ እስከዚያ ድረስ ከለላ የሆናት አዋጅ ከእርሷ ላይ ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የሚገዛት በዋናነት የቅጥር ውሏና የድርጅቱ የውስጥ ደንብ ነው። ስለዚህ የሥራ መሪነት ሹመት ሲቀርብልዎት ከደመወዙና ከመኪናው ጋር የወሊድ ፈቃድን፣ የማሰናበቻ ምክንያቶችንና የማስጠንቀቂያ ጊዜን የሚመለከቱ አንቀጾች በውሉ ውስጥ እንዲገቡ ይደራደሩ። ከመፈረምዎ በፊት ውሉን ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ከሚያስወጣው ገንዘብ በላይ ያተርፋል።

ጾታዊ ትንኮሳ በአዋጁ የተከለከለ ሲሆን፣ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የተፈጸመባት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን ለቅቃ ካሣ የምትጠይቅበት መብት ተሰጥቷታል። የደረሰውን ነገር ቀኑንና ቦታውን ለይቶ በዕለቱ መጻፍ፣ መልእክቶችን አለማጥፋትና ለሚታመን ሰው ወዲያው መንገር በኋላ ለሚቀርበው አቤቱታ መሠረት ይሆናል። ዕድገት ለማግኘት ሲባል ማንም ሴት ይህን እንድትታገሥ ሊጠበቅባት አይገባም።

ለፕሬዚዳንቶችና ለሰው ሀብት ኃላፊዎች

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሸክሙን በሴቶቹ ላይ የጣለ እንዳይመስል፣ ትልቁን ለውጥ በአጭር ጊዜ ማምጣት የሚችሉት የመመደብ ሥልጣን ያላቸው ሰዎች መሆናቸው ሊሰመርበት ይገባል። መጀመሪያ በየሥራ ደረጃው ያሉትን ሴቶችና ወንዶች ይቁጠሩ። በጠቅላላ ሠራተኛ ላይ የሚሰላ መቶኛ ምንም አይናገርም፤ በጀማሪ ደረጃ ያሉት ሴቶች ብዛት የላይኛውን ባዶነት ይሸፍነዋልና። ቀጥሎ ባለፉት ሦስት ዓመታት በነበሩት የዕድገት ውድድሮች ስንት ሴቶች መስፈርቱን ያሟሉ እንደነበር፣ ከእነርሱ ስንቶቹ እንዳመለከቱና ስንቶቹ እንዳለፉ ይለዩ። መስፈርቱን አሟልተው ያላመለከቱት ብዙ ከሆኑ ችግሩ በአሠራሩና በቅስቀሳው ላይ ነው፤ አመልክተው የወደቁት ብዙ ከሆኑ ቃለ መጠይቁ ሊፈተሽ ይገባል፤ መስፈርቱን ያሟሉት ራሳቸው ጥቂት ከሆኑ ደግሞ ጥፋቱ ያለው ከዓመታት በፊት በነበረው ምደባ ላይ ነው። ለሦስቱም የሚሰጠው መፍትሔ የተለያየ በመሆኑ፣ ሳይለዩ የሚዘጋጅ የሁለት ቀን የአመራር ስልጠና ገንዘብ ከማባከን አያልፍም።

ለተጠባባቂነት፣ ለብድር ኮሚቴና ለክልል ምደባ የሚቀርብ የዕጩዎች ዝርዝር ሁሉ መስፈርቱን የሚያሟሉ ሴቶችን እንዲያካትት፣ ካላካተተም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ ማዘዝ ምንም በጀት አይጠይቅም። በዋናው መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ መክፈት ግን በጀት ይጠይቃል፤ ባንኮች ለሕንፃና ለማስታወቂያ ከሚያወጡት ጋር ሲነጻጸር ግን አነስተኛ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የሚጠሩ ስብሰባዎችንም ማስቀረት ይቻላል።

የቦርዱ መንገድ

ወደ ቦርድ የሚያደርሰው መንገድ የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። የሒሳብ ዓመቱ በሰኔ 23 (እ.ኤ.አ. ጁን 30) ከተዘጋ በኋላ አብዛኞቹ ባንኮች ጠቅላላ ጉባኤያቸውን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሚያካሂዱ፣ በምርጫ ዓመት የአስመራጭ ኮሚቴው የጥቆማ ጥሪ በጋዜጣ የሚወጣው ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በጥሪዎቹ ላይ በብዛት የሚታዩት መስፈርቶች የባንኩ ባለአክሲዮን መሆን፣ ዕድሜ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የባንኩ ሠራተኛ አለመሆንና በሌላ ባንክ ቦርድ ውስጥ አለማገልገል ናቸው። የተመረጡት አባላትም ሥራ የሚጀምሩት በብሔራዊ ባንክ ሲጸድቁ ነው። ሴት የሒሳብ ባለሙያዎች፣ የሕግ ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶችና የራሳቸውን ንግድ የሚመሩ ሴቶች ይህን መስፈርት በብዛት ያሟላሉ፤ የሚጎድለው ጠቋሚና ድምፅ ነው።

ድምፅ የሚቆጠረው በአክሲዮን ብዛት ስለሆነ፣ መነሻው አክሲዮኑ በማን ስም ተመዝግቧል የሚለው ጥያቄ ነው። በጋራ ገንዘብ የተገዛ አክሲዮን በባል ስም ብቻ ሲመዘገብ፣ በጉባኤው ላይ ካርድ የሚያነሣውም ሊጠቆም የሚችለውም ባል ብቻ ይሆናል። ከአሁን በኋላ የሚገዙትን በራስዎ ስም ወይም ለሁለት ተከፍሎ ያስመዝግቡ። በእቁብ የሚሰባሰቡ ሴቶች የደረሳቸውን ገንዘብ በከፊል በየስማቸው አክሲዮን ቢገዙበት፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በአንድነት የሚሰጥ ድምፅ ይኖራቸዋል። በአዋጅ ቁጥር 1159/2011 የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የባንክ አክሲዮን የመግዛት መብት በመፈቀዱ፣ በውጭ የሚኖሩ ባለአክሲዮን ሴቶችም በጉባኤው መገኘት ካልቻሉ ውክልናቸውን ለጠየቃቸው ሁሉ ከመስጠት ይልቅ ለምትወዳደር ሴት ወይም እርሷን ለሚደግፍ ሰው መስጠት ይችላሉ። ባንኮች የውክልና ቅጹ ከጉባኤው ሦስት ቀን ያህል ቀደም ብሎ እንዲሞላ ስለሚጠይቁ፣ ውክልና የማሰባሰቡ ሥራ ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው አይደለም። አነስተኛ ድርሻ ላላቸው፣ በማስታወቂያዎቹ አነጋገር «ተፅዕኖ ፈጣሪ ላልሆኑ» ባለአክሲዮኖች የተለዩ የቦርድ መቀመጫዎች እንዳሉም ልብ ይበሉ፤ ትልቅ ካፒታል ለሌላት ሴት የሚሻለው በር ይህ ነው።

ከመወዳደርዎ በፊት በነበሩት ሁለት ጉባኤዎች ላይ ተገኝተው፣ የውጭ ኦዲተሩን ሪፖርት አንብበው አንድ ጥሩ ጥያቄ ቢጠይቁ ባለአክሲዮኖች ፊትዎን ያውቁታል። ስለ ትርፍ ድርሻ ማነስ ሁሉም ይጠይቃል፤ ብድሩ በጥቂት ተበዳሪዎች እጅ መከማቸቱን ወይም ለተበላሹ ብድሮች የተያዘው መጠባበቂያ በቂ መሆኑን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከተመረጡ በኋላ የኮሚቴ ድልድል ሲደረግ ኦዲት ወይም ሪስክ (የሥጋት አስተዳደር) ኮሚቴ ውስጥ ለመግባት ይጠይቁ፤ ባንኩ የሚታወቀው ከዚያ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የባንኩን መመሪያዎች፣ የብሔራዊ ባንክን የምርመራ ሪፖርቶችና ያለፈውን ዓመት ቃለ ጉባኤዎች አንብበው ይጨርሱ። በመጀመሪያው ዓመት ውስጥም የሴቶች ቁጥር በየሥራ ደረጃው ተለይቶ፣ በተጠባባቂነትና በብድር ኮሚቴ ያሉትም ተጨምረው፣ በየሩብ ዓመቱ ለቦርዱ እንዲቀርብ በአጀንዳ አስይዘው በቃለ ጉባኤ ያስወስኑ። ሁለተኛው ሩብ ዓመት ላይ ቁጥሩ ካልመጣ፣ ስለ ምን እንዳልመጣ ፕሬዚዳንቱን በስብሰባው ላይ ይጠይቁ።